አርባ ሰከንድ በሞያሌ

ሞያሌ ላይ መስመር ሲቀየር ሰው ለአርባ ሰከንድ የትም የለም።

የኢትዮጵያው መረብ ለቋል፣ የኬንያው ገና አልያዘም። ለዚህ መካከል የሕግ ስም አልወጣለትም፤ መንገደኛው ግን «ዝምታው» ይለዋል። አዳራሹ ውስጥ ሃያ አራት ጠረጴዛዎች አሉ። መንገደኛ ሁሉ የግራ እጁን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ አንጓውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። ከቆዳው ሥር ያለው መስመር፣ የጥንት ሰዎች ስልካቸው ውስጥ ይዘውት ኢሲም ይሉት የነበረው፣ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ቆይቶ ይሞቃል። ሲሞቅ ባለቤቱ ኬንያ ገብቷል።

በዝምታው ጊዜ ሰው የሚያደርገው የተለያየ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን ይቆነጥጣሉ፤ ልጁ ካለቀሰ አለ። ትንፋሹን የሚይዝ አለ። ዕድሜው የገፋ ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ይህን ያስተማራቸው የለም።

ሃሴት ጉልላት በአዳራሹ ለሥራ ስትመላለስ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የሚዛን መርማሪ ናት። በዓመት አንዴ፣ ልኩ የተረጋገጠ አንድ ኪሎ ብረት በእንጨት ሳጥን ይዛ ከአዲስ አበባ በባቡር ትነሳለች፤ ናይሮቢ፣ አሩሻና ሉሳካ ያሉትን የመድኃኒት ሚዛኖች ከእሷ ኪሎ ጋር ታመሳክራለች። ኪሎውን በባዶ እጅ አትነካውም፤ የጣት ወዝ ክብደት አለው። እንደ ደረሰች አትመዝንም፤ ብረቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ታሳድረዋለች። ሁለት ነገር ስታነጻጽርም አንድ ጊዜ መዝና አታምንም። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዟዙራ እንደገና ትመዝናለች። ልዩነቱ ከዕቃው ጋር ከዞረ የዕቃው ነው፤ ባለበት ከቀረ ስህተቱ የሚዛኑ ነው።

ለጉዞዋ የምትገዛው የአራት አገር ጥቅል ነው፤ በየድንበሩ አንዱ መረብ ለሌላው ያስረክባታል። በ2058 ዓ.ም. ከባሏ ከያብስራ ጋር ለጫጉላ ሞምባሳ ሲሄዱ ዝምታው አራት ደቂቃ ነበር። በዚያ አራት ደቂቃ ያብስራ የነገራትን ነገር ሁለቱም ከዚያ ወዲያ አንስተውት አያውቁም። ያን ጊዜ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ ይጨነቅ ነበር። ስለዚህ መረቡ አንድ አገልግሎት ጨመረ፤ የሰው መስመር ሲተኛ፣ በባለቤቱ ድምፅና በባለቤቱ ልማድ «ደህና ነኝ፣ ደርሻለሁ» እያለ ይመልስለታል። ሰው ወደደው። ዝምታው ወደ ዘጠና ሰከንድ፣ ከዚያም ወደ አርባ ወረደ፤ አገልግሎቱ ግን ባለበት ጸና።

በዚህ ዓመት፣ በ2088፣ ሃሴት ከኪሎው ሌላ አደራ ይዛለች።

አደራው የጎረቤቷ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሃሴትና ባሏ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከክረምት ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ናቸው። አንድ ልጃቸው ኖላዊ አሩሻ የጥርስ ሐኪም ነው። የሚኖርበት አገር ሕግ፣ በየሁለት ዓመቱ የወላጅ መስመር መጥቶ ካልጎበኘው የመኖሪያ ፈቃዱን አያድስለትም።

«መስመር ይምጣ ነው የሚለው» አሉ ኤልዳና፣ ሃሴት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሳለ። «እግር ይምጣ አላለም።»

«እትዬ፣ የሰው መስመር መሸከም እኮ ክልክል ነው።»

«ክልክል! ባቡሩ ላይ ከሚቀመጠው ግማሹ ምን የተሸከመ መሰለሽ? እኔ ልጅ ሳለሁ ለመንገደኛ በርበሬና ሽሮ ነበር የሚሰጠው። ያ ይከብዳል፣ ይሸታል። ይኼ ስንት ይመዝናል? በይ ንገሪኝ፣ የሚዛን ሰው አንቺ ነሽ።»

ሃሴት ሳቀች። «ምንም አይመዝንም።»

«እንግዲያውስ!»

ከጎረቤት የመጣ አደራ እምቢ አይባልም። እጅጌያቸውን ሰብስበው አንጓ ለአንጓ ገጠሙ። መስመር ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው እንዲህ ብቻ ነው፣ የሁለቱም ደም ሥር እየመታ። የሚመለሰውም ወደ መጣበት አንጓ ብቻ ነው፣ ያ አንጓ እስከመታ ድረስ። ሃሴት ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰበችው። የኤልዳና መስመር አንጓዋ ውስጥ ተኝቶ ይጓዛል። አሩሻ ስትደርስ ለአንድ ሰዓት ትቀሰቅሰዋለች፣ መልሳ ታስተኛዋለች። በሃያኛው ቀን ለባለቤቱ ታስረክባለች። እስከዚያ የኤልዳና የእህት ልጅ ከደብረ ብርሃን እየተመላለሰች ምግብ ታቀርባለች።

«ለያብስራ እንዳትነግሪው» አሉ ኤልዳና። «እሱ ሕግ ሕግ ይላል።»

«አልነግረውም።»

«አደራ፣ ልጄ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ፣ እትዬ።»

ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ሃሴት በሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ አንጓዋን አሳረፈች። ቀዘቀዘ። «ሃሴት ጉልላት ደምሰው» አለች፤ አርባ ቆጠረች። ሞቀ።

«እንኳን ወደ ኬንያ በደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ጠረጴዛው በአማርኛ።

እጇን አላነሳችም። በዝምታው ጊዜ ሁለቱም መስመሮች እኩል ተኝተው ነበር። አዲሱ መረብ ሲይዛት ከሁለቱ አንዱን መቀስቀስ ነበረበት፤ የቀሰቀሰው ሕመምተኛዋን ነው። ሕመምተኛ ቅድሚያ አለው። እስከ ዛሬ አደራ ያሻገሩት መንገደኞች የተሸከሙት የጤነኛ ሰው መስመር ነበር። ሃሴት ይህን አላሰበችም።

«እማማ፣ ችግር አለ?» አለቻት በጠረጴዛው ማዶ የቆመችው ተቆጣጣሪ፤ ሻሽ ያሰረች የሞያሌ ልጅ።

እውነቱን ብትናገር ሁለቱም መስመሮች ይዘጋሉ። መስመሩ የተዘጋ ሰው በር አይከፈትለትም፣ ቧንቧ አይወርድለትም፣ ባቡር አያሳፍረውም። ኖላዊም ከአሩሻ ይባረራል። ናማንጋ ላይ፣ ወደ ታንዛኒያ ሲገባ፣ ሌላ ዝምታ አለ። እዚያ አዟዙሬ አየዋለሁ ስትል አሰበች። የሞያዋ ልማድ ነበር፤ አንድ ጊዜ መዝና አታምንም። ስህተቷም ይኸው ነበር።

«የለም» አለች።

ባቡሩ ላይ ምሳ ሲመጣ የእሷ ጨው አልነበረውም። ወንበሩ እግሮቿን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሳ። በየሦስት ሰዓቱ አንጓዋ የማትወስደውን መድኃኒት ያስታውሳታል፤ አልወስድም ስትል «ይገባኛል» ይላታል። ናይሮቢ ስትወርድ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ለእሷ ሲል ዘገየ፣ ከኋላዋ ያሉት አጉረመረሙ። በሮቹ እስክታልፍ ይጠብቋታል። ሁሉም ነገር ደግ ነበር።

በማግስቱ በሚዛን ቤቱ የተቀበላት ኦቲየኖ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አምና ልጁን ሲድር ከቤቱ በልታለች። ፊቷን አየ። ቀጥሎ ስክሪኑን አየ። ስክሪኑን አመነ።

«የምንጠብቀው ወይዘሮ ሃሴትን ነው» አላት በትሕትና። «ሳጥኑ የእሳቸው ነው፣ እናቴ። እንዴት እርስዎ ዘንድ መጣ?»

ሳጥኑን ከፈተና ኪሎውን በባዶ እጁ አነሳው። ሃሴት ዓይኗን ጨፈነች።

ረቡዕ ጠዋት፣ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ጨው የሌለው ቁርሷ ፊት ተቀምጣ ሳለች፣ አንጓዋ መልካም ዜና የሚያበስር ይመስል ሞቅ አለ።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ ከሰኞ አራት ሰዓት ጀምሮ ከአገር ውጭ ስለሆኑ ቤትዎ ተቆልፏል። ውሃና መብራት ተዘግቷል። ሊጠይቅዎ የመጣ አንድ ዘመድ በሰላም ተመልሷል። መልካም ጉዞ።»

ሹካውን አስቀመጠች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። መራመድ የማይችሉ ሴት፣ ባዶ ነኝ የሚል ቤት ውስጥ። አንጓቸው መምታት ካቆመ ደግሞ መስመራቸው የሚመለስበት የለውም፤ ሃሴትም እስከ ዕለተ ሞቷ ኤልዳና ናት። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው እኩል ስለመጣባት አፈረች።

ለያብስራ ደወለች።

«እንዴ፣ እትዬ ኤልዳና! ደህና ነዎት?»

መስመር የሚያደርሰው የባለቤቱን ድምፅ ነው። ከሃሴት አፍ የወጣው፣ በባሏ ጆሮ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ድምፅ ነበር።

«ያብስራ፣ እኔ ነኝ። ሃሴት ነኝ!»

ሳቀ። «እትዬ ደግሞ ቀልድ ያውቁበታል። ሃሴት እኮ አሁን ነው ያነጋገረችኝ። ናይሮቢ ናት፣ ኪሎዋን አሳድራዋለች።»

«እኔ አላነጋገርኩህም! እሱ የተኛው መስመሬ ነው። ጠይቀኝ፤ የፈለግኸውን ጠይቀኝ!»

ሳቁ ቀረ። «እትዬ፣ አጠገብዎ ሰው አለ? አሞዎታል መሰለኝ።»

«አላመመኝም! ወደ ታች ውረድና—»

ጥሪው ተቋረጠ። አንጓዋ ለስለስ ባለ ድምፅ አናገራት። «ወይዘሮ ኤልዳና፣ ራስን እንደ ሌላ ሰው የመቁጠር ምልክት ታይቶብዎታል። እንዲያርፉ ጥሪዎ እስከ ነገ እኩለ ቀን ቆሟል። ብቻዎን እንዳይሆኑ፣ ነገ ጠዋት ወደ ልጅዎ ወደ ኖላዊ እንሸኝዎታለን።»

ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ባቡር በር አልከፈተላትም። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው፣ ባቡሩ ውስጥ የነበሩ ሰዎች በመስኮት በርኅራኄ ተመለከቷት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ናማንጋ ደረሰች። አንጓዋ ቀዘቀዘ። ስሟን እስከ አያቷ ጠራች። ሞቀ።

«እንኳን ወደ ታንዛኒያ በደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤልዳና።»

ልዩነቱ ባለበት ቀረ። ስህተቱ የሚዛኑ ነበር፤ ሚዛኑ ደግሞ ራሱን የሚያይበት ሌላ ሚዛን አልነበረውም።

አሩሻ ጣቢያ ላይ ኖላዊ አበባ ይዞ ቆሞ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የእናቱን አገጭ ይዟል። አንጓዋን ከመግቢያው ብረት ስታስጠጋ አረንጓዴ መብራት በራ፤ ከበሩ በላይ «እናት፤ ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የኖላዊ ፈቃድ በዚያች ቅጽበት ታደሰ። በእናቱ ፈንታ የጎረቤቷን ፊት ሲያይ ግን አበባው በእጁ ላይ ዘመመ።

«እት—»

ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። መስመር ይሰማል። ከቦርሳዋ የሚዛን መመዝገቢያ ደብተሯንና እርሳስ አውጥታ ጻፈች። *ቤቱ እናትህ ላይ ተቆልፏል። ከሰኞ ጀምሮ ውሃ የለም። እዚህ ያሉት እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም ተብሏል።*

ኖላዊ አነበበ። ሳያስብ የገዛ አንጓውን ነካ፤ እናቱ ጋ ደወለ።

የሃሴት አንጓ ጠራ።

ሁለቱም አንጓዋን ተመለከቱ። እስኪያቆም ቆሙ።

«እማዬ» አለ ኖላዊ በመጨረሻ፣ ለሚሰማው ሁሉ እንዲሰማ። «ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል።»

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ጥሪዋ የሚከፈተው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። «ሃሴት ነኝ» ካለች እንደገና ትታገዳለች። ያብስራ የሚያምነው ነገር ያስፈልጋት ነበር፣ መስመሯ የማያውቀው ነገር። የእናቱን ስም መስመሯ ያውቃል። የተጣሉበትን ያውቃል፣ የታረቁበትን ያውቃል። የሠላሳ ዓመት ቃላቸው ሁሉ በአንጓዋ አልፏል። በአንጓዋ ያላለፈ ምን አለ?

ዝምታው አለ። አራት ደቂቃ።

ጥሪው ሲከፈት ለባሏ ደወለች።

«እትዬ፣ ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» አለ ያብስራ፣ ለሕመምተኛ በሚሆን ድምፅ።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። አንዲት ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። የሰርግህ ቀን የማንን ካልሲ ነበር ያደረግኸው?»

ሃሴት ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረውን የሞያሌ ጠረጴዛ በሐሳቧ አየች። የቀዘቀዘ አንጓውን ይዞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ነበር። *አሁን ማንም አይሰማም አይደል? የሰርጋችን ቀን ያደረግሁት የአባቴን ካልሲ ነው። ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። ብቻዬን እንዳልቆም ብዬ ነው።* እሷ ስቃ ነበር፤ ቀጥሎ አልቅሳ ነበር። ከዚያ አንጓቸው ሞቀ።

«ማን… ማን ነገረዎት?» ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«አንተው ነሃ። ሞያሌ ላይ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «ሃ—»

«እንዳትጠራው!» አለች ፈጥና። «ልጄ፣ ሦስተኛ ፎቅ ውረድ። በሬን ስበረው። አልጋዬን እይልኝ።»

ሕግ ሕግ የሚለው ያብስራ ምንም አልጠየቀም። ሲሮጥ ሰማችው፤ ጥሪው ተዘጋ።

ጠበቁ። አንዲት ሴት ሻንጣ እየጎተተች በፊታቸው አለፈች፤ እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያይ የማይደሰት ሰው የለምና ፈገግ አለችላቸው። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ የሃሴት አንጓ ሞቀ።

«ወይዘሮ ኤልዳና፣ ቤትዎ በኃይል ተከፍቷል። የገባው ሰው ታውቋል፤ ጎረቤትዎ አቶ ያብስራ ናቸው። ክስ ይመሥርቱ?»

«አልመሠርትም።»

«ይገባኛል።»

ቀጥሎ ያብስራ ደወለ። እያንዳንዱን ቃል መርጦ፣ እንደ ምስክር ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ አልጋዎ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ አለች። መስመር የላትም። ብርጭቆ በእጇ ይዛለች፣ ባዶ ነው። እጇ ቀዝቅዟል።»

ኖላዊ ሰማ። ማልቀስ አይችልም፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ከበሩ በላይ ተጽፏል። ግንባሩን ሃሴት ትከሻ ላይ ጣለ። ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ እናት እንደምታደርገው። የሚያልፈው ሰው ፈገግ ይላል።

አስከሬኑን ማዘጋጃ ቤት ወሰደው፤ ስም በሚጻፍበት ቦታ «ያልታወቀች» ተባለ። እድሩ አልተጠራም፤ ወይዘሮ ኤልዳና በሕይወት አሉ። ድንኳን አልተተከለም። የደብረ ብርሃኗ የእህት ልጅ በየሳምንቱ «አክስቴ፣ እንዴት ነሽ?» እያለች ትደውላለች፤ በለመደችው ድምፅ ይመለስላታል።

ሃሴት በሐኪም ፈቃድ ተመልሳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሌላው በር አይከፈትላትም። ያብስራ አምስተኛ ፎቅ ነው። በየምሽቱ ከሉሳካ የሚስቱ ድምፅ ይመጣለታል፤ ሥራው እንደተራዘመ፣ ሙቀቱ እንደበረታ፣ እንደናፈቃት ይነግረዋል። ማቋረጥ አይችልም፤ ካቋረጠ የትዳር አማካሪ ይላክለታል። ደረጃ ላይ ሲገናኙ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» ትለዋለች።

በወር አንድ ጊዜ፣ ያብስራ የታመሙ ጎረቤቱን የአየር ለውጥ እንዲያገኙ ሞያሌ ይወስዳቸዋል። ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንጓቸው ይቀዘቅዛል።

በሰኔው ጉዞ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ምንም አልተባባሉም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ብርዱ እስኪረጋገጥ።

«ሃሴት» አለ ያብስራ።

«ወዬ።»

«ሃሴት። ሃሴት።»

«አለሁ። ከስተሃል። ማታ ማታ ትበላለህ?»

«ትናንት ከሉሳካ ሳቀችብኝ። ያንቺን ሳቅ ነው የምትስቀው። ሳላስበው… ሳላስበው አብሬያት ሳቅሁ።»

አየችው። አንገቱን ደፋ።

«ምን ብላህ ነው?» አለች።

አንጓቸው ሞቀ።

«እንኳን ወደ ኬንያ በደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤልዳና። እንኳን በደህና መጡ፣ አቶ ያብስራ።»

እጅጌያቸውን ወደ ታች ለቀቁ። ሻሽ ያሰረችው ተቆጣጣሪ አወቀቻቸው፣ እጇን አወዛወዘችላቸው። ከኋላዋ ባለው ግድግዳ ላይ ባለፈው ወር ያልነበረ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ትስቃለች። *ከመስከረም አንድ ጀምሮ መስመርዎ ያለ አንዳች ዝምታ ይቀየራል።*

ሃሴት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያብስራን አላየችውም፤ ማንበቡን በትንፋሹ አወቀች።

የሚዛን ሰው ናትና ሳታስበው አሰላችው። የዛሬውን መመለሻ ትታ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፤ ሦስት ጉዞ። መሄጃና መመለሻ፣ ስድስት ጊዜ መሻገር። እያንዳንዱ አርባ ሰከንድ።

አራት ደቂቃ። አንድ ሰው ስለ አባቱ ካልሲ ለመናገር የሚበቃው ያህል።

«እትዬ፣ ይደገፉኝ» አለ ያብስራ፤ ክንዱን ሰጣት። ከፊታቸው ያለው በር እስኪያልፉ ድረስ ታግሦ ጠበቃቸው።